ባትሪውን የነቀልኩት እኔ ነኝ

ይህን ነገር እስካለፈው ወር ድረስ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኳትም። ለነፍስ አባቴም አልነገርኳቸውም። በየዓመቱ ፍልሰታ ሲገባ ከፊታቸው ተንበርክኬ ቁጣዬን፣ ስንፍናዬን፣ ያፈረስኩትን ጾም ሁሉ እዘረዝርና ይህችን አንዷን ዘልያት እነሳለሁ። ድራይቨር ምን እንደሆነ፣ ከርነል ምን እንደሆነ ለአባ እንዴት አድርጌ አስረዳለሁ? እያልኩ ራሴን አታልል ነበር። አባ የማይገባቸው ነገር አልነበረም። አንድ ሰው የራሱን ጥፋት በሌላ ሰው ላይ ጣለ፤ ይኸው ነው። ይህን ለመረዳት ኮምፒውተር መማር ያስፈልጋል?

አሁን የምናገረው ስለደከመኝ ነው። ጸጸት አስነሳኝ ብል ደስ ባለኝ። ጸጸቱ ግን አሥር ዓመት ሙሉ አብሮኝ ኖሯል፤ አንድም ቀን ከወንበሬ አላስነሳኝም። ደብቆ መኖር መጀመሪያ ያስፈራል፣ ቀጥሎ ይለመዳል፣ በመጨረሻ ያደክማል። እናንተ ይህን የምታነቡ ሰዎች አታውቁኝም፤ የቀለለኝም ለዚህ ይመስለኛል። እንደ ነፍስ አባት ስሙኝ። ቀኖና አትስጡኝ፤ እስክጨርስ ድረስ ብቻ ስሙኝ።

ተወልጄ ያደግሁት አሰላ ነው፤ አሁንም የምኖረው አሰላ ነው። ሥራዬ ፕሮግራም መጻፍ ነው። ሰው የሚያውቀው በስክሪን ላይ የሚታየውን ፕሮግራም ነው፤ እኔ የምጽፈው ከሥር ያለውን ነው። ከርነል ከምንለው የኮምፒውተሩ መሠረት ውስጥ ገብቶ የሙቀት መለኪያውን የሚያነበውን፣ ማራገቢያውን የሚያስነሳውን። ድራይቨር የሚባለው እሱ ነው። ከላይ ያለው ፕሮግራም ቢሳሳት ይዘጋና እንደገና ይከፈታል። ከሥር ያለው ሲሳሳት ግን ዕቃው ራሱ ይቆማል። አንዳንዴ ደግሞ ይቆምና መቆሙ እንኳ አይታወቅም።

የዛሬ አሥር ዓመት የምሠራበት ድርጅት ከአንድ ፋርማሲ ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል ተከራይቶ ነበር። በዲክሲስ ያለ የገበሬዎች ማኅበር የገብስ ዘር መጋዘኑን የሚጠብቅለት ዕቃ እንድንሠራለት አዘዘን። ዘር ሲከመር ከውስጥ ይሞቃል። ከሞቀ ፍሬው ይሞታል፤ ከላይ ሲያዩት ገብስ ነው፣ ቢዘሩት አይበቅልም። የእኛ ዕቃ ሥራው ቀላል ነበር። ክምሩ ውስጥ የተቀበሩትን መለኪያዎች ያነባል፤ ሙቀት ሲጨምር ማራገቢያውን ያስነሳል። መብራት ሲጠፋ እንዳይቋረጥ ባትሪ አስገብተንለታል። በባትሪው የድርጅቱ ባለቤትም እኔም እንኮራ ነበር።

ጥፋቴ እንዲገባችሁ አንድ ነገር ማስረዳት አለብኝ። መለኪያዎቹም ማራገቢያውም ከኮምፒውተሩ ጋር የሚገናኙት በአንድ መስመር ነው። ሁለት ሥራ መስመሩን በአንድ ጊዜ ከተጠቀመበት ንግግሩ ይደበላለቃል። ስለዚህ መስመሩን የሚፈልገው ሥራ ሁሉ አስቀድሞ ሎክ የሚባለውን ቁልፍ ይይዛል፣ ሲጨርስ ይለቃል፣ ከዚያ ተረኛው ይይዛል። ችግሩ ሥራው የሚያልቅበት መንገድ ብዙ መሆኑ ነው። መለኪያው መልስ ካልሰጠ በስሕተት ይወጣል፤ ከዘገየ ይወጣል፤ በደኅና ካነበበም ይወጣል። ያን ጊዜ በየመውጫው «ልቀቅ» ብሎ የሚጽፈው ሰው ነበር፤ በእጁ፣ አስታውሶ። አንዱን መውጫ ከዘነጋው ሎኩ እንደተያዘ ይቀራል። የያዘው ሥራ ሄዷል፤ ተረኛው ግን ይጠብቃል። እስከ መቼ? የሚለቅ እስኪመጣ። የሚለቅ ደግሞ አይመጣም።

ዕቃው ወደ ዲክሲስ ሊላክ አንድ ቀን ሲቀረው የድርጅቱ ባለቤት አንድ ነገር አሳሰበኝ፤ ከመለኪያው የተበላሸ ንባብ ቢመጣስ? አለኝ። ልክ ነበር። ሁለት መስመር ጨመርኩ። ንባቡ ከተበላሸ ተመለስ አልኩ። ልቀቅ አላልኩም። አልሞከርኩትም፤ ሳጥኑ ታሽጎ የሚጭነው መኪና በር ላይ ቆሞ ነበር።

እዚህ ላይ ብቆም ኖሮ የምናዘዘው ነገር ባልኖረኝ። መርሳት የሰው ነው፣ ማንም ይረሳል። እኔ ግን እዚህ ላይ አልቆምኩም።

የመጋዘኑ ኃላፊ ኦቦ በዳሶ ይባሉ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው ናቸው። ማኅበሩ ከተቋቋመ ጀምሮ ዘሩ በእሳቸው እጅ ነበር። ደኅንነቱን የሚያውቁትም እጅጌያቸውን ሰብስበው ክንዳቸውን እስከ ክርናቸው ክምሩ ውስጥ በመክተት ነው። ጥቂት ይቆዩና ያወጡታል፣ ያሸቱታል፤ «ደኅና ነው» ወይም «ይገልበጥ» ይላሉ። ያሉት ይደረጋል።

ዕቃውን የተከልን ቀን ለማኅበሩ ኮሚቴ ሁሉ ገለጻ ሰጠሁ። ስጨርስ ኦቦ በዳሶ እጃቸውን አወጡ።

«ኢንጂነር፣ ክንዴ ሞቋል ካለኝ፣ ይሄ ደግሞ አልሞቀም ካለኝስ?»

«ኦቦ በዳሶ፣ ክንድዎን ከዛሬ ጀምሮ ጡረታ ያውጡት» አልኳቸው።

ሰው ሁሉ ሳቀ። እሳቸውም ሳቁ። እኔ በሳቁ ደስ አለኝ።

በዚያ ዓመት የበልጉ ዝናብ አላቋርጥ አለ። እርጥበቱ የአንዱን መለኪያ ሽቦ መገጣጠሚያ ነካው፤ የተበላሸ ንባብ መጣ፤ ድራይቨሩ እኔ በጨመርኩት መውጫ ወጣ፤ ሎኩ ተይዞ ቀረ። ከዚያ በኋላ ማንበብ ቆመ። ማራገቢያውን ማስነሳትም ቆመ። ስክሪኑ ላይ የመጨረሻው ደኅና ንባብ ብቻ ቀረ፤ አሥራ ሰባት ዲግሪ። ይህን ሁሉ ያወቅሁት በኋላ ነው። ያን ጊዜ የማውቀው ኦቦ በዳሶ መደወላቸውን ብቻ ነበር።

«ኢንጂነር፣ ክምሩ ሞቋል መሰለኝ» አሉኝ።

«ስክሪኑ ስንት ይላል?»

«አሥራ ሰባት።»

«እንግዲያው አልሞቀም።»

«ማራገቢያውም ሰሞኑን ሲዞር አልሰማሁትም።»

«ስላልሞቀ ነው የማይዞረው።»

«በእጄ ላስነሳው? ማብሪያ አለው አይደል?»

«እባክዎ እንዳይነኩት። ከነኩት ኃላፊነቱን አንወስድም።»

አልነኩትም። በሳምንቱ እንደገና ደወሉ። «ትናንት አሥራ ሰባት፣ ዛሬ አሥራ ሰባት፤ ጧትም አሥራ ሰባት፣ ቀትርም አሥራ ሰባት። የእኛ አገር አየር እንዲህ ነው እንዴ?» አሉኝ። ይህች ጥያቄ ብቻዋን ከወንበሬ ልታስነሳኝ ይገባ ነበር። በዲክሲስ ብርድና ፀሐይ ቀኑን ሙሉ የማይነቃነቅ ሙቀት የት አለ? ሥራዬን የማውቅ ሰው ብሆን በዚያው ቀን ሚኒባስ ተሳፍሬ እሄድ ነበር። ምሳ እየበላሁ ነበር። «ኦቦ በዳሶ፣ ጥሩ ዕቃ ማለት እንዲህ ነው» ብዬ ስልኩን ዘጋሁት።

ሰኔ ሲገባ ዘሩን ለገበሬው ሊያከፋፍሉ ክምሩን ከፈቱት። የላዩ ደኅና ነበር። ከሥሩ ግን እንፋሎት ወጣ። ፍሬው ተያይዞ ጓል ሆኗል፣ ይሸታል። ደኅና ከመሰላቸው ወስደው በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ቢሞክሩት አብዛኛው አልበቀለም። ዝናቡ መጥቷል፣ ማሳው ታርሷል፣ ዘር የለም። ገበሬው ከየትም ያገኘውን እህል ዘግይቶ ዘራ፤ ያላገኘው ማሳውን ጦሙን አሳደረ። ማኅበሩ አጣሪ ኮሚቴ አቋቋመ፤ ዕቃውን እንድመረምር እኔ ተላክሁ። አስተውሉ። መርማሪው እኔ ነበርኩ።

ጧት ደረስኩ። የኮሚቴው ሰዎች ከኦቦ በዳሶ ጋር ውጭ ግድግዳው ሥር ቆመው ጠበቁኝ፤ እኔ ብቻዬን ገባሁ። ኮምፒውተሬን ከዕቃው ጋር አገናኘሁና ከርነሉ የጻፈውን መልእክት ከፈትሁ። ወዲያው አየሁት። ሥራ ቆሞብኛል፣ ሎክ እየጠበቅሁ ነው፣ ከሁለት ደቂቃ በላይ ሆነኝ ይላል። ደግሞ ይላል። ከርነሉ እንዲህ ያለውን ነገር አሥር ጊዜ ከተናገረ በኋላ ዝም ይላል፤ አሥሩንም ጊዜ ተናግሮ ዝም ብሏል። የተጻፈበት ቀን ከኦቦ በዳሶ የመጀመሪያ ስልክ በፊት ነበር። ከመልእክቱ ሥር ሎኩን የጠየቀው ፋንክሽን፣ ማለትም የኮድ ቁራጭ፣ ስም አለ። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ።

ያ መልእክት የተቀመጠው ኃይል ሲቋረጥ በሚጠፋ ቦታ ነው። ይህን አውቅ ነበር። ሶኬቱን ነቀልኩ። ዕቃው አልጠፋም፤ ባትሪ አለው። ስለዚህ ካቻቪቴዬን አወጣሁና ሽፋኑን መፍታት ጀመርኩ። አራት ብሎን ነበረው። አንዱን ፈታሁ። ማቆም እችል ነበር። ሁለተኛውን ፈታሁ። ኦቦ በዳሶ ከውጭ «ተገኘ ወይ?» ብለው ጠየቁ፤ «እየተፈለገ ነው» አልኩ። ሦስተኛውን ፈታሁ። አራተኛውን ፈታሁ። ባትሪውን ነቀልኩ። ሰው ክፉ ሥራ የሚሠራው ደሙ ፈልቶ፣ ዓይኑ ታውሮ ነው ሲሉ እሰማለሁ። እኔ ባትሪውን የነቀልኩት እጄ ሳይንቀጠቀጥ ነው። ብሎኖቹ እንዳይጠፉብኝ እንኳ ኪሴ ውስጥ አስቀምጫቸው ነበር።

መልሼ ገጠምኩት። ዕቃው ተነሣ፣ መለኪያዎቹን አነበበ፣ ማራገቢያው መዞር ጀመረ። ሰዎቹ ድምፁን ሰምተው ገቡ።

«ይኸው ይሠራል» አለ የማኅበሩ ሊቀመንበር። «ታዲያ ያን ጊዜ ምን ነካው?»

«በማብሪያው ከተዘጋ አይሠራም» አልኩ። «ምናልባት ሰው ነክቶት ይሆናል።»

ስም አልጠራሁም። መጥራት አላስፈለገኝም፤ መጋዘኑ ውስጥ የሚገባ ሰው አንድ ነው። ሁሉም ወደ ኦቦ በዳሶ ዞሩ። እሳቸው መጀመሪያ ለሊቀመንበሩ በኦሮምኛ ተናገሩ፤ ቀጥሎ እኔም እንድሰማ ብለው ይመስለኛል፣ በአማርኛ ደገሙት። «አልነካሁትም። አትንካ ስላለኝ አልነካሁትም። ሁለቴ ደውዬለታለሁ፤ ጠይቁት።»

ሊቀመንበሩ ጠየቀኝ። «ደውለውልህ ነበር?»

ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበር። የደወሉበት ቀንና ሰዓት ስልኬ ውስጥ ነበር።

«አላስታውስም» አልኩ።

አልደወሉም ማለት ውሸት ነው፤ ያንን ፈራሁት። አላስታውስም ስል ግን ራሴን ንጹሕ አድርጌ እሳቸውን አዋረድኩ። ኦቦ በዳሶ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ፊቴን ለረጅም ጊዜ አዩት፤ እዚያ የጠፋባቸውን ነገር እንደሚፈልጉ ሁሉ። ከዚያ አንገታቸውን ደፉ። በዚያው ሳምንት ከኃላፊነታቸው ተነሡ። «በዳሶ ነው የገደለን» የሚሉ ሰዎች እንደነበሩ ሰማሁ፤ ሰማሁና ዝም አልኩ።

አሰላ ተመልሼ የጎደለችውን መስመር ጨመርኩ። በእኛ ሥራ ማንኛውም የኮድ ለውጥ ከነሠሪው ስምና ከነምክንያቱ ይመዘገባል። ምክንያቱን በሚጻፍበት ቦታ አንዲት ቃል ጻፍኩ፤ «ማስተካከያ»። ከዚያ በኋላ ዕቃው ወደ ሲሬም ሄደ፣ ወደ ኦጎልቾም ሄደ፤ አንድም ቀን አልቆመም። ተመሰገንኩበት። የክፍል ኃላፊ ሆንኩ።

ሃዊ ከእኛ ጋር መሥራት ከጀመረች ሁለት ዓመቷ ነው። የሲሬ ልጅ ናት፤ ትሑት ናት፣ ኮድ ስታነብ ግን ለማንም አትራራም። ባለፈው ወር የድሮውን ድራይቨር በአዲሱ አሠራር ልጻፈው ብላ ተነሣች። አሁን ከርነሉ ውስጥ ጋርድ የሚባል ነገር ገብቷል። ሎኩን ስትይዝ ከያዝክበት የኮድ ክፍል ጋር ታስረዋለህ። ከዚያ ከክፍሉ በየትኛውም መውጫ ብትወጣ፣ ብትጨርስም፣ በስሕተት ብትመለስም፣ መልቀቂያውን ኮዱን ለማሽኑ የሚተረጉመው ኮምፓይለር ራሱ ያስገባልሃል። ከከርነሉ የተዋስከውን ማህደረ ትውስታም እንዲሁ ያስመልስልሃል። አስታውሶ «ልቀቅ» የሚል ሰው አይጠበቅም። ስታስረዳን ዓይኗ ያበራ ነበር። እኔ የማስበው ሌላ ነበር፤ ይህ ነገር አሥር ዓመት ቀድሞ ቢመጣ ኖሮ እያልኩ ነበር። ይህም ሰበብ ነው። ጋርድ ቢኖር ዘሩ ይተርፍ ነበር እንጂ እኔ የተሻልኩ ሰው አልሆንም ነበር።

ባለቤቱ አልተዋጠለትም። «የሚሠራ ነገር ለምን ይነካል? በቂ ምክንያት አምጪ» አላት። ሃዊ ምክንያት ፍለጋ የኮዱን የለውጥ ታሪክ ከሥር ጀምራ አነበበች። በማግስቱ ጧት ኮምፒውተሯን ይዛ ጠረጴዛዬ ጋ መጣች።

«ጋሼ፣ ይቺን መስመር የጨመሯት እርስዎ ነዎት?»

«አዎ።»

«ማስተካከያ ነው የሚለው። ግን እኮ ሎኩ ሳይለቀቅ የሚወጣበት መንገድ ነበረ። በዚህ ሰበብ የቆመ ዕቃ ነበር? ካለ ምክንያት አድርጌ እጽፈዋለሁ፤ ያሳምናል።»

«አላስታውስም» አልኳት።

«እሺ፣ ጋሼ» ብላ ሄደች። አመነችኝ። ያቺኑ ቃል፣ በዚያው ድምፅ፣ ምንም ሳልጨነቅ ደገምኳት። አሥር ዓመት ሙሉ ያቺ ቀን አንዲት ክፉ ቀን ናት፣ እኔ እንዲህ ያለ ሰው አይደለሁም ስል ነበር የኖርኩት። ለካስ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ስክሪኔን እያየሁ ተቀምጬ ዋልኩ፤ አንዲት መስመር አልጻፍኩም። የፈራሁትን ነገር ብታገኘው እንኳ ማን ይቀጣኛል? ማንም። የሚጠፋብኝ ነገር ሳይኖር ነው የዋሸሁት። ያን ጊዜ ነው ድካሙ የወደቀብኝ።

በማግስቱ ሃዊ ስትገባ ጠብቄ ሁሉንም ነገርኳት። ባትሪውን ነቀልኩ አልኳት። አላስታውስም አልኩ፤ አስታውስ ነበር አልኳት። ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ ቆማ ሰማችኝ።

«ሰውየው በሕይወት አሉ?» አለች።

«አሉ መሰለኝ።»

«መሰለኝ?»

ቦርሳዋን አሁን ጠረጴዛው ላይ አወረደች።

«እሳቸው ሳያውቁ እኔ አልጽፈውም» አለች። «መጀመሪያ ይሂዱና ይንገሯቸው።» ከዚያች ቀን ወዲህ ጋሼ ብላ ጠርታኝ አታውቅም።

ቅዳሜ ዲክሲስ ወረድኩ። መንገዱን በሙሉ የምለውን ስለማመድ ነበር፤ በአማርኛም፣ በኦሮምኛም። ቤታቸውን ያገኘሁት ጠይቄ ነው። ባለቤታቸው አዴ ሎሚ ግቢው ውስጥ ገብስ ያሰጣሉ፤ ኦቦ በዳሶ አጥሩ ሥር ለፈረሳቸው ድርቆሽ እየሰጡ ነበር። አርጅተዋል፤ ያ ቁመት ጎብጧል። እኔን ግን ወዲያው አወቁኝ።

«ኢንጂነር!» ብለው ተቀበሉኝ። የራሳቸውን በርጩማ አስቀመጡልኝ፤ ወተት አስመጡልኝ። ስለ ጤናዬ፣ ስለ ልጆቼ ጠየቁኝ። አፌን ሳልከፍት እሳቸው ጀመሩ።

«ያ ዕቃ እስካሁን ይሠራል አሉ። ደኅና ዕቃ ነው። ያን ጊዜ እኔ ነኝ ያበላሸሁት።»

«ኦቦ በዳሶ…»

«ተወው፣ አውቃለሁ። መጀመሪያ አልነካሁም አልኩ። ኋላ ሳስበው ማብሪያውን ሳልነካው አልቀርም። አንተ የተማርክ ሰው፣ ምን አጥተህ ትዋሽብኛለህ? ደወልኩ ያልኩትም ሕልም ይሆናል።»

አዴ ሎሚ ከገብሱ ላይ ቀና ሳይሉ «ይረሳል እሱ» አሉ። «ያኔ ነው የጀመረው። በሩን መዝጋቱን እንኳ እኔ ነኝ ተነሥቼ የማየው።»

ኦቦ በዳሶን ሥራቸውን እንዳሳጣኋቸው አውቅ ነበር። የገዛ ራሳቸውን ማመን እንዳሳጣኋቸው ግን አላውቅም ነበር። የተለማመድኩት ሁሉ ጠፋብኝ። ዝም ብዬ የሆነውን ተናገርኩ። «ማብሪያውን አልነኩትም። ደውለውልኛል። መጀመሪያ ክምሩ ሞቋል አሉኝ፤ አልሞቀም አልኩዎት። በሳምንቱ ጧትም ቀትርም አሥራ ሰባት ነው አሉኝ፤ ጥሩ ዕቃ ነው አልኩዎት። ዕቃው ቆሞ ነበር፤ ያቆመው የእኔ ስሕተት ነው። ማስረጃውን አየሁና ባትሪውን ነቅዬ አጠፋሁት። ሲጠይቁኝም አስታውስ ነበር።»

ኦቦ በዳሶ ስለ ባትሪው አልጠየቁኝም። ስለ ሥራቸውም አልጠየቁኝም።

«ደውዬ ነበር?» አሉኝ።

«ደውለዋል።»

«ሁለቴ?»

«ሁለቴ።»

ብድግ አሉ። «ሎሚ! ቢልቢሌን ቱሬ! ደውዬ ነበር! ራሱ ነው የሚለው!»

አዴ ሎሚ መጡ። ኦቦ በዳሶ «ድገምላት» አሉኝ፤ ደገምኩላቸው። ሴትየዋ እኔን አላዩኝም። ባላቸውን ብቻ ሲያዩ ቆዩ፤ ከዚያ ጎንበስ ብለው እጃቸውን ያዙ። «ዺፈማ ናፍ ጎዺ» አሉ። ይቅር በለኝ ማለት ነው። አሥር ዓመት ሙሉ ትረሳለህ እያሉ ስለኖሩ ነው። እኔ መንገዱን በሙሉ ስለማመደው የመጣሁትን ቃል፣ ምንም ያልበደሉት ሴት ቀድመውኝ ተናገሩት። ከዚያ በኋላ እኔ በምን አፌ ልናገረው? አልተናገርኩትም። እሳቸውም ይቅር ብዬሃለሁ አላሉኝም።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን ባጭሩ ልናገር። ይህን ሁሉ ለማኅበሩ በጽሑፍ ሰጥቻለሁ። አሁን ያለው ሊቀመንበር ሌላ ሰው ነው፤ በጠቅላላ ጉባኤው ላይ ኦቦ በዳሶ ባሉበት ቆሜ እንዳነበው ተነግሮኛል። ሃዊ የጋርዱን ሥራ ጨርሳለች። ምክንያቱን ስትጽፍ የእኔን ስም ታስገባው ወይስ ትተወው እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ አስገቢው አልኳት። የድርጅቱ ባለቤት ስለ እኔ ገና አልወሰነም፤ የወሰነውን እቀበላለሁ። ወጣት ነበርኩ አልላችሁም፤ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር። ሥራዬን እንዳላጣ ፈርቼ ነው አልላችሁም፤ ኦቦ በዳሶም ሥራ ነበራቸው። ማሩኝም አልላችሁም። የበደልኩት እናንተን አይደለም።

ያን ቅዳሜ ግን ኦቦ በዳሶ እንዲሁ አልለቀቁኝም። ከቤታቸው እስከ መናኸሪያው የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። ኦቦ በዳሶ ጋቢያቸውን ደርበው ልሸኝህ አሉ። የመጀመሪያውን ሰው ከበራቸው ሳንርቅ አገኘን፤ እንጨት የጫነ ጎረቤታቸው ነበር። አቆሙት። «ንገረው» አሉኝ። ነገርኩት። ሰውየው እኔንም እሳቸውንም እያየ ሰምቶ ሄደ። ቀጥሎ ከገበያ የሚመለሱ ሁለት ሴቶች አገኘን። «ንገራቸው» አሉኝ። ነገርኳቸው። የፀጉር ቆራጩ ቤት በር ላይ ለተቀመጡት ነገርኩ። ለቄጤማ ሻጯ ነገርኩ። አንዳንዱ ራሱን ነቀነቀ፤ አንዱ ተሳደበ፤ ኦቦ በዳሶ ተሳዳቢውን ተው አላሉትም። ሁለት ሚኒባስ አመለጠኝ።

መናኸሪያው አጠገብ ዱላ የተመረኮዙ አንዲት አሮጊት አጋጠሙን። ጆሯቸው በደንብ አይሰማም። ኦቦ በዳሶ ክንዴን ይዘው አቆሙኝ። ነገርኳቸው። አሮጊቷ ፊታቸውን አኮማትረው ወደ ኦቦ በዳሶ ዞሩ።

«ምን ፈልጎ ነው ይሄ ሰውዬ? ይቅርታ ነው?» አሉ።

«አይደለም» አሉ ኦቦ በዳሶ። «ይናገር ብቻ።»

«እንግዲያው አልሰማሁትም፤ ጮክ ብሎ ይናገር» አሉ አሮጊቷ።

የሚኒባሱ ሹፌር ክላክስ እያደረገ፣ ሰዉ እያየኝ፣ ጮክ ብዬ ከመጀመሪያው ጀመርኩላቸው።